እንግዳ የሚያኖራት አገር
ስለ ሲሼልስ ደሴቶች ኤኮኖሚ የተደረገ አጭር ጥናት

አንዳንዱ አገር ኑሮው የተመሠረተው በእርሻ ነው፤ አንዳንዱ በማዕድን፣ አንዳንዱም በፋብሪካ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ዋና ሀብቱ የእንግዳ እግር የሆነ አገርም አለ። እንዲህ ካሉት አገሮች አንዷ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው ሲሼልስ ናት። በዚህ ዓመት በኤኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ውጭ ንግድ ስንማር፣ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ትንሽ አገር መርጠን የገቢና የወጪ ሁኔታዋን እንድናጠና ባዘዙን ጊዜ እኔ ይህችን አገር መረጥሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት ግልጽ ነው። የላሊበላ ልጅ ነኝ። በከተማችን ከሆቴል አስተናጋጁ ጀምሮ እስከ ሸማኔውና እስከ በቅሎ አከራዩ ድረስ፣ እንግዳ መጣ ሲባል ፊቱ የማይፈካ የለም። ስለዚህ አንድ አገር በሙሉ በእንግዳ ሲኖር ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል የሚለው ጥያቄ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የአገሪቱ አቀማመጥ

ሲሼልስ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ብዙውን ጊዜ 115 ተብለው የሚቈጠሩት ደሴቶቿ በአንድነት ቢለኩ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞሉም። ይህም የጣና ሐይቃችንን ስፋት አንድ ስድስተኛ እንኳ አያህልም። ነገር ግን በሕግ ለእርሷ የተከለለው ባሕር 1.37 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ከመላው የኢትዮጵያ ምድር ይሰፋል። እንግዲህ ሲሼልስ በየብስ ድኻ፣ በባሕር ባለጸጋ ናት ማለት ነው።

የሕዝቧ ቁጥር 100,000 ያህል ነው። ከዚህም አብዛኛው የሚኖረው ማሔ በምትባለው ታላቂቱ ደሴት ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም በዚያው ትገኛለች። ከማሔ ቀጥሎ ሰው የሚበዛባቸው ደሴቶች ፕራስሊንና ላ ዲግ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ግራናይት ከሚባለው ጠንካራ ድንጋይ የተሠሩና ተራራማ ስለ ሆኑ ለእርሻ የሚመች ሜዳ በጣም ያንስባቸዋል። ከእነርሱ ርቀው ያሉት ደሴቶች ደግሞ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማይሉ የኮራል ደሴቶች ናቸው። ኮራል ማለት በሞቃት ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚገነቡት ድንጋይ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቀድሞው ሀብት

በደሴቶቹ ላይ ከ1770 በፊት በቋሚነት የሚኖር ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ገቡ፤ ከአፍሪካም ባሮች አምጥተው እርሻ አስጀመሩ። በ1814 አገሪቱ በውል ለእንግሊዝ ተሰጠች፤ ነጻነቷንም እስካገኘችበት እስከ ሰኔ 29 ቀን 1976 ድረስ በእንግሊዝ ሥር ቈየች።

በዚያ ረጅም ዘመን የደሴቶቹ ሀብት ቀረፋ፣ ቫኒላና ኮፕራ ነበር። ኮፕራ የሚባለው የደረቀ የኮኮናት ፍሬ ሲሆን ዘይት ይወጣዋል። ታሪኩን ስመረምር አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። ቫኒላ ጥሩ ዋጋ ያወጣ በነበረበት ጊዜ ገበሬዎቹ በብዛት ተከሉት፤ በኋላ ግን የቫኒላን ሽታ በፋብሪካ መሥራት ስለ ተቻለ ዋጋው ወደቀ፤ የተከሉትም ሰዎች ተጐዱ። ስለዚህ በአንድ ነገር ብቻ ተደግፎ የመኖር አደጋ በሲሼልስ ከቱሪስት ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቱ አገሬው ሆኖ፣ ዋጋውን የሚቈርጠው ግን ሩቅ ያለ ገዢ የሆነበት ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ነበር።

በዚያን ጊዜ ወደ ደሴቶቹ መድረሻው መንገድ መርከብ ብቻ ነበር። ከዓለም ርቀው ስለ ነበሩም እንግሊዞች የግዞት ቦታ አደረጓቸው። የአሻንቲ ንጉሥ ፕሬምፔህ ከ1900 እስከ 1924 በዚያ ታስረው ኖረዋል። የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካርዮስም በ1956 ወደዚያው ተግዘው ነበር። ዛሬ የውጭ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበት ጸጥታና ርቀት፣ ትናንት ለእስረኛ ቅጣት የነበረ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያው

የአገሪቱን ኑሮ ከሥሩ የለወጠው ነገር በ1971 በማሔ የተከፈተው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የሰዓታት ጉዞ ሆነ። ዛሬ የኛም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ማሔ ይበራል። ከዚያ ወዲህ ሆቴሎች በየባሕሩ ዳር ተሠሩ፤ የኮፕራና የቀረፋ እርሻ እየተዳከመ ሄደ፤ ወጣቱም ከእርሻ ይልቅ በሆቴል መቀጠርን መረጠ።

በ2019 ወደ ሲሼልስ የገቡት ጎብኚዎች 384,000 ያህል ነበሩ። ይህም ከአገሬው ሕዝብ ቁጥር አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህሉ የሚገኘው ከቱሪዝም ነው።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። በ2015 የዓለም ባንክ ሲሼልስን ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ጋር መድቧታል። በሰው ልማት መለኪያም ከአፍሪካ አገሮች የቀደመች ናት። ልጆች ያለ ክፍያ ይማራሉ፤ ዜጎች በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ክፍያ ይታከማሉ። ይህ ሁሉ የሆነው በምድሯ ነዳጅም ወርቅም ሳይገኝ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

አሁን ወደ ጥናቴ ዋና ነገር ደረስሁ። የእንግዳው ገንዘብ በአንድ በር ይገባል። በስንት በር እንደሚወጣ ግን ብዙ ሰው አይቈጥረውም።

በሲሼልስ ሩዝ አይመረትም። ስለዚህ አገሬውም እንግዳውም የሚበላው ሩዝ ከውጭ ይመጣል። ሥጋው፣ ዱቄቱ፣ ወይን ጠጁ፣ የአልጋው ልብስ፣ የግድግዳው ቀለም፣ መኪናው ሁሉ አብዛኛው በመርከብ የሚገባ ነው። ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ይገዛል፤ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይልም የሚገኘው በነዳጅ ከሚሠሩ ሞተሮች ነው። ከታላላቆቹ ሆቴሎች ብዙዎቹ የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። የአገሬው ሕዝብ ጥቂት በመሆኑም በግንባታና በሆቴል ሥራ ላይ ከሕንድ፣ ከስሪ ላንካ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኬንያና ከማዳጋስካር የመጡ ብዙ ሠራተኞች አሉ፤ እነርሱም እንደ ማንኛውም ስደተኛ ሠራተኛ ከደመወዛቸው ቈርጠው ለቤተሰባቸው ይልካሉ።

ነገሩ እንዲገባን አንድ የምሳሌ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለትምህርት ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው። አንድ እንግዳ ለሆቴል 100 ብር ከፈለ እንበል። ሆቴሉ ከዚህ ላይ 30 ብሩን ከውጭ ለሚመጣ ምግብና መጠጥ፣ 15 ብሩን ለነዳጅና ለዕቃ ያወጣል። የውጭ አገር ሠራተኞች 10 ብር ወደ አገራቸው ይልካሉ። ባለ ሆቴሉ ደግሞ 15 ብር ትርፉን በውጭ ወዳለው ባንኩ ያሻግራል። እንግዲህ በአገር ውስጥ የቀረው 30 ብር ብቻ ነው። በሌላ ደሴት ደግሞ አንድ የአገር ተወላጅ ባለች ትንሽ ማረፊያ ቤት ውስጥ እንግዳው 50 ብር ቢከፍል፣ ዓሣውም ከጎረቤት አጥማጅ፣ ፍራፍሬውም ከጓሮ ቢሆን፣ ከ50ው 35 ብር በአገር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ግማሽ የከፈለው እንግዳ ለአገሪቱ የበለጠ ጠቀመ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ እኔ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ በእንግዳ የሚኖር አገር ሀብቱ የሚለካው ስንት እንግዳ መጣ በሚል ሳይሆን፣ ከእንግዳው ገንዘብ ስንቱ ቀረ በሚል ነው። የሲሼልስም መንግሥት ትናንሾቹን የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ለአገሩ ተወላጆች ለይቶ መተዉ ይህን በመረዳት ይመስለኛል።

እንግዳ ሞልቶ የመጣ ኪሳራ

ይህን አሳብ የሚያረጋግጥልን የ2008 ታሪክ ነው። በ2007 ወደ ሲሼልስ የገባው እንግዳ ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የበለጠ ነበር። እንዲሁም ሆኖ በጥቅምት 2008 አገሪቱ ለውጭ አበዳሪዎች መክፈል የነበረባትን ገንዘብ መክፈል አቃታት።

ምክንያቱ ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ወጪዋ ከገቢዋ በልጦ ለብዙ ዓመታት መቈየቱ ነው። መንግሥት የሩፒን ዋጋ፣ ማለት የአገሪቱን ገንዘብ፣ ከእውነተኛው ዋጋ አስበልጦ በትእዛዝ ይዞት ነበር። በዚህ ምክንያት የውጭ ዕቃ በኦፊሴል ዋጋ ርካሽ ሆኖ ይታይ ነበር እንጂ፣ የሚገዛበት ዶላር ከባንክ አይገኝም ነበር። ጉድለቱን ለመሙላት በብድር ላይ ብድር ተጨመረ። በዚህ መካከል በ2008 የነዳጅና የእህል ዋጋ በዓለም ላይ በጣም ናረ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። አባቶቻችን፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በኅዳር 2008 መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ሩፒው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ለቀቀው። አንድ ዶላር ከ8 ሩፒ ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 16 ገደማ ደረሰ። ለሁሉም ይሰጥ የነበረው የዋጋ ድጎማ ቀርቶ ለችግረኞች ብቻ ሆነ፤ የመንግሥት ሠራተኞችም ቁጥር ተቀነሰ። በ2009 አበዳሪ መንግሥታት ከዕዳው ከፊሉን ማሩላት። ሕዝቡ ለጊዜው ተቸገረ፤ ሆኖም የውጭ ምንዛሪ በባንክ መገኘት ጀመረ፤ አገሪቱም ቀስ በቀስ አገገመች። በአገራችን ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወላጆቻችን በየገበያው ምን እንዳዩ ስለሚያውቁ፣ የዚያን ጊዜውን የሲሼልስ እናቶች አሳብ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ የሚያሻቸው አይመስለኝም።

እንግዳ የጠፋበት ዓመት

የ2008 ችግር ከቤት ውስጥ የመጣ ሲሆን፣ የ2020 ግን ከውጭ የመጣ ነው። የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ ሲስፋፋ የማሔ አውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኞች ተዘጋ። በ2019 384,000 የነበረው የእንግዳ ቁጥር በ2020 ወደ 115,000 ወረደ፤ ማለት ከአሥሩ ሰባቱ ቀሩ። ሩፒውም በዚያው ዓመት ክፉኛ ወደቀ። ሠራተኛው እንዳይበተን መንግሥት ለብዙ ወራት የግል ድርጅት ሠራተኞችን ደመወዝ ከመንግሥት ካዝና ከፈለ። ይህም ደግሞ ዕዳውን እንደ ገና ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ሲሼልስ ያደረገችው ነገር ፈጣን ነበር። በጥር 2021 ክትባት ጀመረች፤ በመጋቢት 2021 መጨረሻም በሯን ለእንግዶች ከፈተች። በ2023 የመጡት ጎብኚዎች 351,000 ያህል ስለ ነበሩ የቀድሞው ቁጥር ሊመለስ ተቃርቧል።

በዚያ ክፉ ጊዜ አገሪቱን ከደገፏት ነገሮች አንዱ ዓሣ ነው። በቪክቶሪያ ወደብ ያለው የቱና ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ በዓለም ካሉት ታላላቅ ፋብሪካዎች የሚቈጠር ነው፤ በቆርቆሮ የታሸገው ቱናም አብዛኛው ወደ አውሮጳ ይላካል። አውሮፕላን ማረፊያው ሲዘጋ የዓሣው መርከብ አልቆመም። ይሁን እንጂ በዚህም ሥራ ቢሆን ከአጥማጆቹ መርከቦች ብዙዎቹ የስፔይንና የፈረንሳይ ስለ ሆኑ፣ ስንቱ ቀረ የሚለው ጥያቄ እዚህም አይቀርም።

የማይታደሰው ካፒታል

ቀደም ሲል ስለ ኮራል የተናገርሁትን አሁን ላንሣ። እንግዳው ወደ ሲሼልስ የሚሄደው ነጩን አሸዋ፣ ጥሩውን ባሕርና በውስጡ ያለውን ፍጥረት ለማየት ነው። በ1998 የውቅያኖሱ ውኃ ከመጠን በላይ ስለ ሞቀ፣ በመካከለኞቹ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ሞተ። በ2016ም ተመሳሳይ ጉዳት ደረሰ። ኮራሉ የባሕሩን ማዕበል ስለሚከላከል፣ እርሱ ሲሞት አሸዋው ይታጠባል፤ ዓሣውም መጠጊያ ያጣል። ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ እየበላ ትርፍ አገኘሁ ሊል እንደማይችል ሁሉ፣ ሲሼልስም ባሕሯን አጥታ እንግዳ ልትጠብቅ አትችልም።

ስለዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ በዚያ አገር የኤኮኖሚ ሥራ ነው። በፕራስሊን ደሴት ቫሌ ደ ሜ የሚባል ጫካ አለ። በዓለም ላይ ካሉት ዘሮች ሁሉ የሚተልቀውን ኮኮ ደ ሜር የተባለውን ፍሬ የሚያፈራው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በአጠገቧ ባለችው በኩሪየዝ ብቻ ነው። እንግዳው ወደ ጫካው ለመግባት ይከፍላል። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ፣ እንግዳ እምብዛም የማይደርስባትንና 100,000 ያህል ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩባትን ሩቂቱን የአልዳብራ ደሴት ለመጠበቅ ይውላል። ሁለቱም ቦታዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ አልዳብራ በ1982፣ ቫሌ ደ ሜ በ1983።

ከዚህም አልፎ በ2016 ከዕዳዋ 21.6 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው በአዲስ ውል እንዲለወጥና ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለባሕር ጥበቃ እንዲውል ተስማማች። በዚህ መሠረት በ2020 ከባሕሯ 30 በመቶውን በጥበቃ ሥር አደረገች። በ2018 ደግሞ ለዓሣ ሀብትና ለባሕር ጥበቃ የሚውል 15 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፤ ይህ በመንግሥት የወጣ የመጀመሪያው ሰማያዊ ቦንድ ነው ይባላል። ዕዳ አንድ ጊዜ አስጨንቋት የነበረች አገር ዕዳን ለጥበቃ መሣሪያ ማድረጓ ጥበብ ነው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

እኛ ደሴት አይደለንም። ነገር ግን በከተማችን በ2020 በበሽታው ምክንያት፣ በ2021ም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሆቴሎች በር ተዘጋ፤ አስጎብኚዎች ሥራ ፈቱ፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም ትምህርታቸውን ለጊዜው አቋርጠው ነበር።

ይሁን እንጂ በእኛና በሲሼልስ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ወደ ላሊበላ የመጣ እንግዳ የሚበላው እንጀራ፣ የሚጠጣው ጠጅና የሚገዛው ጋቢ ከዚሁ ምድር ሊገኝ ይችላል። ቅዳሜ ገበያ ብንወጣ ገብሱን፣ ማሩንና የተፈተለውን ጥጥ እናየዋለን። ሲሼልስ ብትፈልግም ይህን ያህል መሬት የላትም። ስለዚህ ለእንግዳው ከሩቅ አገር የታሸገ ምግብ ከምናቀርብ፣ ከላስታ ገበሬ የተገዛውን አሰናድተን ብናቀርብ ከገንዘቡ ብዙው እዚሁ ይቀራል። እንግዳው ባይመጣም ገበሬው እህሉን ለሌላ ይሸጣል፤ ራሱም ይበላዋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እንግዳ በመጣበት ጥሩ ዓመት ለመጥፎው ዓመት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለሲሼልስ ኮራሏ እንደ ሆነ ለእኛም ከአንድ አለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የማይታደስ ሀብት ናቸው። ኮራል በብዙ ዓመት ውስጥ መልሶ ሊያድግ ይችል ይሆናል፤ የላሊበላ ድንጋይ ግን አንዴ ከፈረሰ አይበቅልም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ አስጎብኚ፣ ባለ ሆቴል ወይም የአገር አስተዳዳሪ የሚሆኑ አሉ። በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ሺህ እንግዳ ገባ ተብሎ በደስታ ሲነገር፣ እኛም አብረን ደስ ይበለን። ነገር ግን ደስታውን ከገለጽን በኋላ ቀጥለን፣ ከገንዘቡ በገበሬው፣ በሸማኔው፣ በአስተናጋጇና በትምህርት ቤቱ ዘንድ ስንቱ ቀረ ብለን የምንጠይቅ እንሁን።